የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን በኢንተርኔት መማር፦ የትኛው ኮርስ ለማን ይሆናል?

በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ የሚሠራ ሰው ዛሬ የሚማረው አላጣም። የቸገረው መምረጡ ነው። ስልኩን ከፍቶ ስለ ተፋሰስ ልማት ቢፈልግ ከሮም፣ ከዴልፍት፣ ከጄኔቫ፣ ከኦሪገን የመጡ ኮርሶች ይደረደሩለታል። አንዳንዱ በነፃ ነው። አንዳንዱ የዓመት ደመወዝ ይበላል። ሰርተፍኬት ግን ሁሉም እሰጣለሁ ይላል።

ይህን የምጽፈው ለወረዳ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፣ ለቀበሌ ልማት ሠራተኛ፣ በፕሮጀክት ለሚሠራ፣ ለወጣት መምህር፣ እንዲሁም ውጭ አገር ሆኖ ወደዚህ ሙያ መግባት ለሚፈልግ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የትምህርቱ ይዘት ከሞላ ጎደል በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለሁለት ነገር ብቻ ይመስለኛል። አንደኛው ሥራችሁን ቁጭ ብሎ አይቶ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ለሚል አስተማሪ ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ለሚቀበለው ዲግሪ ነው።

በአንድ ችግር ፈትኑት

ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት በደንብ የምታውቁትን አንድ ችግር ያዙ። ከዚያ የኮርሱን ዝርዝር በእሱ ፈትኑት። እኔ ብዙ ጊዜ የምይዘው የጣናን እምቦጭ ነው።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የዕፅዋት ባለሙያው የሚያየው አረሙ እንዴት እንደሚራባ ነው። ከእናቱ እየተቀነጠበ ይባዛል፤ ፍሬው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዘንድሮ በእጅ የተነቀለበት ዳርቻ ለከርሞ ተመልሶ የሚለብሰው ለዚህ ነው። የአፈር ባለሙያው ግን ዓይኑን የሚጥለው ከላይ ነው። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ተፋሰስ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ አረሙን ይቀልበዋል። ኢኮኖሚስቱ ዓሣ አጥማጁ ምን ያህል እንዳጣ፣ የፎገራ ሩዝ አምራች ምን እንደሚሆን፣ ከብቱን ውኃ ዳር የሚያሰማራው ገበሬ የት እንደሚሄድ ይጠይቃል። የሕግ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። ውኃው ሲሸሽ የሚወጣው የባሕር ሸሽ መሬት የማን ነው? ማን ያርሰዋል? ማን ይከለክላል? የሳተላይት ምስል የሚያነበው ሰው አረሙ በየወሩ ስንት ሄክታር እንደሸፈነ ይለካል።

አሁን የኮርሱን የሳምንታት ዝርዝር ክፈቱ። ከእነዚህ ጥያቄዎች ስንቱን ይነካል? ብዙ ኮርሶች ርዕሳቸው ላይ «የተቀናጀ» ይላሉ። ውስጡ ስትገቡ ግን 1ኛው ሳምንት አፈር፣ 2ኛው ውኃ፣ 3ኛው ፖሊሲ ነው። መጨረሻ ላይ የምርጫ ጥያቄ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ሙያዎቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተገናኙም።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን አሳይመንት ነው። ስለ ራሳችሁ አካባቢ ዕቅድ ጻፉ የሚል ከሆነ፣ ያንን ዕቅድም የሌላ ሙያ ሰው አንብቦ አስተያየት የሚሰጥበት ከሆነ፣ ያ ኮርስ ጊዜያችሁን ይገባዋል። ያለው የምርጫ ጥያቄ ብቻ ከሆነ ለመረጃ ያህል ውሰዱት። ለመረጃ መውሰድ ምንም ነውር የለውም። ገንዘብ ግን አትክፈሉበት።

በነፃ፣ በራስ ፍጥነት

የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ኢለርኒንግ አካዳሚ ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ስለ አፈር፣ ስለ ደን፣ ስለ ዓሣ ሀብት፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ስለ መሬት ይዞታ ኮርሶች አሉት። ትምህርቶቹ አጫጭር ናቸው። በብዛት ጽሑፍና ምስል ስለሆኑ ዳታ አይጨርሱም። ፈተናውን 75 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ዲጂታል ባጅ ይሰጠዋል።

ከሁሉም የመሬት ይዞታ ኮርሶቹን አስቀድሙ እላለሁ። እኛ አገር የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ ስለ እርከን ስፋትና ቁመት ጥሩ አድርጎ ይማራል። እርከኑ የሚያርፍበት መሬት ማን ጋ እንዳለ፣ የግጦሽ መሬት ሲከለል ከብቱን የት እንደሚወስድ ግን ብዙም አይማርም። ሜዳ ላይ ሥራውን የሚያፈርሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። የተከለለ ተራራ ሌሊት ከብት ከገባበት የጎደለው የአፈር ሳይንስ አይደለም።

ለውኃ ሰዎች በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሥር ያለው ካፕ-ኔት ይሻላል። ስለ ተቀናጀ የውኃ ሀብት አስተዳደር፣ ስለ ሥርዓተ ፆታና ውኃ፣ በውኃ ዘርፍ ስላለ ሙስናና ግልጽነት ያስተምራል። በአንዳንዶቹ ኮርሶች ላይ አወያይ ይመደባል፤ ይህ በነፃ ትምህርት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዩኤን ሲሲለርን የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ትምህርት መድረክ ደግሞ ለአየር ንብረት ለውጥ መነሻ ጥሩ ነው። ከዚያ አልፎ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ግን አይበቃም።

ከተማ ላይ ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጠቁም። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኦፕንዋሽ የሚባሉ ሞጁሎች አሉት። ለኢትዮጵያ ከተሞች የውኃ፣ የሳኒቴሽንና የቆሻሻ አያያዝ ሠራተኞች ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። ምሳሌዎቹ ከአገራችን ናቸው። አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችላላችሁ።

ከኮርስ ውጭ ሁለት ነገሮችን አብራችሁ ክፈቱ። አንዱ ዎካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ፣ ከየአገሩ የመሬት አያያዝ ልምዶችን የሚመዘግብ የመረጃ ቋት ነው፤ ከኢትዮጵያም የተመዘገቡ አሉበት። የአንድ እርከን አሠራር፣ ወጪው፣ የጉልበት ፍላጎቱ፣ ገበሬው ስለ እሱ ያለው አስተያየት በአንድ ፎርም ላይ ይገኛል። ሌላው የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ነው። የውጭ ኮርስ «ማኅበረሰቡን አሳትፉ» ብሎ ሲያልፍ ይህ መመሪያ ግን ደረጃ በደረጃ ያስኬዳችኋል።

ኮርሴራና ኤድኤክስ

ሁለቱም የብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን ኮርሶች የሚያቀርቡ የኢንተርኔት መድረኮች ናቸው። እዚህ የምታገኙት የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮችን ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኮርሴራ ላይ ስለ ውኃ ሀብት አስተዳደርና ፖሊሲ፣ እንዲሁም ሥነ ምህዳር ለሰው ስለሚሰጠው አገልግሎት የሚያስተምራቸው ኮርሶች አሉት። ሁለቱም ሳይንሱን ከውሳኔ አሰጣጥ ጋር ያያይዙታል። የሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የተጎዳ መሬት እንዲያገግም ማድረግን ከቢዝነስ ጋር የሚያገናኝ ኮርስ አለው። ይህንን በተለይ ለደን ባለሙያዎች እመክራለሁ።

ለምን ቢባል ሁምቦን ማየት ይበቃል። ወላይታ ውስጥ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በዋነኛነት ከነበሩት ጉቶዎች ተነሥቶ እንዲያገግም ተደርጓል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በኪዮቶ ፕሮቶኮል የንጹህ ልማት ሥርዓት (በታዳጊ አገሮች የተቀነሰ ልቀት እንደ ካርቦን ክሬዲት የሚሸጥበት) ተመዝግቦ የካርቦን ገቢ አስገኝቷል። ጉቶውን መንከባከብ የደን ሙያ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራቱን ማደራጀት ግን የደን ሙያ አይደለም። የተጠቃሚነት መብቱን በወረቀት ማረጋገጥ የሕግ ነው። የካርቦኑ ውል የፋይናንስ ነው። የደን ባለሙያ እነዚህን ሁሉ ራሱ አይሠራቸውም፤ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ቋንቋቸውን ማወቅ አለበት።

የእነዚህ መድረኮች ችግር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ቪዲዮውን ማየት ቢፈቀድላችሁም አሳይመንቱና ሰርተፍኬቱ ብዙ ጊዜ በክፍያ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ከአገር ቤት ለሚከፍል ሰው ቀላል አይደለም። ኮርሴራም ኤድኤክስም የክፍያ እገዛ የሚጠየቅበት መንገድ አላቸው። ማመልከቻው ላይ «ለምን ያስፈልገኛል» የሚለውን በደንብ ጻፉ። የምትሠሩበትን ተፋሰስ፣ የምትሠሩትን ሥራ፣ ከኮርሱ የትኛውን ክፍል የት እንደምታውሉት አስቀምጡ። መልሱ ቀናት ስለሚወስድ ኮርሱ ሊጀመር ሲል አትጠብቁ።

ሁለተኛው ችግር የተማሪዎች እርስ በርስ እርማት ነው። አሳይመንታችሁን የሚያርመው ሌላ ተማሪ ነው። ዕድለኛ ስትሆኑ ከፔሩ የመጣ መሐንዲስ የማታስቡትን ጥያቄ ያነሳባችኋል። ካልሆነ ግን «ጥሩ ሥራ» ብሎ ሙሉ ማርክ ሰጥቶ ያልፋል። ለዚህ ብላችሁ አትክፈሉ።

መሣሪያውን መማር፦ ካርታና ሳተላይት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የካርታ ሥራ የተለያዩ ሙያዎች ቶሎ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአፈር ሰው፣ የመሬት አስተዳደር ሰውና የመንገድ መሐንዲስ አንድ ካርታ ላይ ሲያተኩሩ ክርክራቸው ወዲያው መሬት ይይዛል።

ኪውጂአይኤስ ነፃ የካርታ ሥራ ሶፍትዌር ነው። አንዴ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዴልፍት ያለው አይኤችኢ የሚባለው የውኃ ትምህርት ተቋም ኪውጂአይኤስን ለውኃ ሥራ የሚያስተምሩ ነፃ ትምህርቶችን ከነመለማመጃ ዳታቸው አስቀምጧል። ከእነሱ ውስጥ ተፋሰስን ከከፍታ ዳታ ማውጣት የሚለው ልምምድ ለወረዳ ባለሙያ ወርቅ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የአካባቢያችሁን የከፍታ ዳታ ታወርዳላችሁ። አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የሚሸፍነው ባለ 30 ሜትር ፋይል 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በስልክ ዳታም ይወርዳል። ሶፍትዌሩ በዳታው ስህተት የታዩትን የውሸት ጉድጓዶች ይሞላል፣ ውኃው ከየነጥቡ ወዴት እንደሚወርድ ያሰላል፣ የጅረቶቹን መስመር ይሥላል። ከዚያ እናንተ የተፋሰሱን መውጫ በአንድ ነጥብ ታመለክታላችሁ። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ነጥቡን ከጅረቱ መስመር ላይ ሳይሆን አንድ ፒክስል (የካርታው አንድ ትንሽ ካሬ) ጎን ብታሳርፉት ሶፍትዌሩ አይቃወምም። 800 ሄክታር የሚሆነውን ተፋሰስ ትቶ የአንድ ማሳ ያህል ቁራጭ ይሰጣችኋል። ጀማሪ ይሄን ሲያይ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስለውና ይተወዋል። የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር በግማሽ ደቂቃ የሚፈታ ነገር ነው። በራስ ፍጥነት የሚሰጥ ትምህርት የሚጎድለው ይህ ሰው ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ጉግል ኧርዝ ኢንጅን ነው፤ የሳተላይት ምስሎችን በኢንተርኔት፣ በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ የሚተነትን አገልግሎት ነው። ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነፃ ነው። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ በ10 ሜትር ጥራት ያነሡታል፤ ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የምስል ማኅደር ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 1972 ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ የሴንቲኔል 2 ምስል ላውርድ ብትሉ እስከ አንድ ጊጋባይት ይጠይቃችኋል። በኧርዝ ኢንጅን ግን ስሌቱ እዚያው ይሠራና ወደ እናንተ የሚመጣው ውጤቱ ብቻ ነው። በተቃራኒው ኮድ መጻፍ ይጠይቃል፤ ኢንተርኔት ከተቋረጠም ሥራው ይቆማል። ስለዚህ መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ወረዳ ኪውጂአይኤስ ይሻላል። ዞን፣ ክልል ወይም ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ ኧርዝ ኢንጅን ይጠቅማችኋል። የናሳ አርሴት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሳተላይት መረጃ አጠቃቀም ሥልጠናዎችን ይሰጣል፤ የተቀዱትን በነፃ ማየት ይቻላል። ስለ ድርቅ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ሰደድ እሳት፣ ስለ ውኃ ጥራት አላቸው።

ሥልጠናው ሲያልቅ ካርታውን ይዛችሁ ወደ ቀበሌ ውረዱ። ቦረቦሩ የት እንዳለ ካርታው ይነግራችኋል። ለምን እዚያ እንደጀመረ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት አዛውንቶቹ ናቸው።

አስተማሪ ያለው አጭር ኮርስ

አይኤችኢ ዴልፍትና የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲው አይቲሲ በክፍያ የሚሰጧቸው የኦንላይን ኮርሶች አሏቸው። ሁለቱም የኢትዮጵያ ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ናቸው፤ የአገራችንን ጉዳይ ያውቃሉ። አስተማሪ አለ። አሳይመንታችሁ ይነበባል። አብረዋችሁ የሚማሩት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ክፍያው በዩሮ ስለሆነ ከኪስ ለማውጣት ይከብዳል። ፕሮጀክት ላይ ከሆናችሁ ግን የሥልጠና በጀት እንዳለ ጠይቁ። አንድ ሰው ለአጭር ስብሰባ ወደ ውጭ በሚላክበት ወጪ አንድ ባለሙያ እዚሁ ሆኖ በደንብ ሊማር ይችላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ለኮርሱ አስተባባሪ ኢሜይል ጻፉ። አሳይመንቴን ማን ያነበዋል? አስተያየቱ በስንት ቀን ይደርሰኛል? የራሴን ተፋሰስ ዳታ መጠቀም እችላለሁ? ለሦስቱም ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ተዉት። መልሱ ጥሩ ከሆነና በጀት ካለ፣ እዚህ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይሄኛው ነው።

ዲግሪ

ዲግሪ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ለዩ። ለደረጃ እድገት ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው በቅርብ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቅዳሜና እሑድ ወይም በክረምት ከሚሰጠው ማስተርስ የተሻለ አላይም። ወንዶ ገነት፣ ሐረማያ፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ እያንዳንዳቸው የሚያይሉበት ዘርፍ አላቸው። ዲግሪውን ከዚህ ያዙና የጎደለውን ሙያ በነፃው የኢንተርኔት ኮርስ ሙሉት። የደን ተማሪ ኢኮኖሚክስ ይጨምር፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ ሥራ) ይጨምር።

የውጭ የርቀት ዲግሪ ካሰባችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ከተመረቁ በኋላ መጠየቅ መራራ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በርቀት ትምህርት ረጅም ልምድ አለው፤ አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ማዕከል የከፈተ ነው። ለእሱም ቢሆን የምትፈልጉትን የትምህርት ክፍል ለይታችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኢካምፐስ (በኦንላይን ትምህርት ክፍሉ) የሚሰጠው የተፈጥሮ ሀብት ማስተርስ ሥነ ምህዳርን፣ ኢኮኖሚክስን፣ ፖሊሲንና የሰውን ባሕርይ ያጣመረ ነው። 45 ክሬዲት ሲሆን በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር ይቆጠራል። ከሌላ ስቴት ነው የምትማሩት ተብሎ ጭማሪ አይጠየቅም። ቨርጂኒያ ቴክም ተመሳሳይ የኦንላይን ማስተርስ አለው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች ከሥራ ጋር ለማያያዝ ያመቻል። አሠሪያችሁ የትምህርት ክፍያ የሚጋራ ከሆነ ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት ሰዎቹን አናግሩ።

አብሮ የሚማር ሰው ፈልጉ

በነፃው ኮርስና ባለ አስተማሪው መካከል ያለው ልዩነት ሰው ነው። ሰው ደግሞ ራሳችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ከግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከመሬት አስተዳደር፣ ከውኃ፣ ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ አንዳንድ ሰው ይዛችሁ አንድ ኮርስ አብራችሁ ጀምሩ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ክፈቱ። ኔትወርክ ያለው አንዱ ቪዲዮውን ያውርድ፣ በፍላሽ ያዳርስ። በሳምንት አንዴ ተገናኙና የሳምንቱን ትምህርት በአንድ የታወቀ ቀበሌ ላይ ሞክሩት። የመሬት አስተዳደሩ ሰው «ይሄ ቦታ እኮ ክስ ላይ ነው» ሲል የአፈር ባለሙያው ዕቅድ እዚያው ይቀየራል። እንዲህ ያለውን ትምህርት የትኛውም ከውጭ የተዘጋጀ ኮርስ አይሰጣችሁም።

የመጀመሪያውን ኮርስ ስትመርጡ አጭር ይሁን፤ ከአራት ሳምንት ባይበልጥ ይመረጣል። የመጀመሪያው ቀን ለምዝገባ ብቻ ይዋል፤ የይለፍ ቃል ጠፋ፣ ኢሜይል አልደረሰም የሚለው ጣጣ ሁሌም አለ። የማስረከቢያ ሰዓቱንም አስተውሉ። ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) 23:59 የሚል ከሆነ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ማለት ነው። መብራት ማታ የሚጠፋበት አካባቢ ያለ ሰው ከዚያ በፊት ባለው ቀን ቢልክ ይሻለዋል።

ጊዜውን ደግሞ ከሥራችሁ ጋር አስማሙ። ጥርና የካቲት የተፋሰስ ንቅናቄ ነው፤ የወረዳ ባለሙያ ከእርከኑ ሥራ አይለይም። ሐምሌ ችግኝ ነው። የማስረከቢያ ቀን ያለው ኮርስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ያዙ፤ በራስ ፍጥነት የሚሰጠውን ደግሞ ለመጋቢትና ለሚያዝያ አስቀሩት።